ባለቤት ያለው ዛፍ

የባሌ የመዝገቡ አጎት ጋሽ ገብረወልድ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ከሸካ ሲመጡ ማር ይዘውልን ይመጣሉ። ዘንድሮ ለዓይናቸው ሕክምና ቤቴል እኛ ጋ ሲያርፉ ግን እጃቸው ባዶ ነበር። ለመዝገቡ ነግሬው ነበር፤ እሱ ግን ስለ ፋብሪካው ማውራት ከጀመረ መች ሰው ይሰማል!

መዝገቡ ዓለም ባንክ አካባቢ ያለ የፈርኒቸር ፋብሪካ የግዢ ኃላፊ ነው። ጠረጴዛ የሚገዙት የውጭ ደንበኞች “ለእኛ ተብሎ ደን አይጨፍጨፍ፤ ወፉም ጉሬዛውም ቤቱን አይጣ” ሲሉ መላ ያመጣው እሱ ነው። ፋብሪካው ባለቤት ያለው ዛፍ ብቻ ይገዛል። ገበሬው “የኔ ነው” ይላል፣ ሁለት ጎረቤት ይመሰክርለታል፣ ዛፉ ይጫናል። ባለቤት የሌለው የጫካ ዛፍ አይነካም። በልቡ ያሰበው ገበሬ በጓሮው የተከለውን ነበር። ተጨበጨበለት። እኔም ኮራሁበት፤ አባቱ የተወለዱበትን የሸካን ጫካ ያዳነ መስሎኝ።

ከክሊኒኩ ስንወጣ ጋሽ ገብረወልድ “እስቲ መዝገቡ የሚሠራበትን አሳዪኝ” አሉኝ። በሚኒባስ ይዣቸው ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ ግንድ በግንድ ላይ ተከምሯል። መዝገቡ እየሳቀ ተቀበለንና ስለ ሕጉ ማስረዳት ጀመረ። ሽማግሌው ግን ወደ አንድ ወፍራም የቀረሮ ግንድ ተጠግተው ልጡን በእጃቸው ዳበሱ። ዛፉ ላይ መውጫ ገመድ ሲታሰርበት የኖረው ቦታ ተፍቆ ለስልሷል።

“ይሄ የያደሳ ነው” አሉ። “ያኛው ደግሞ የጥሩነህ።”

“እንዴት አወቋቸው?” አለ መዝገቡ።

“ቀፎ የምንሰቅልበት ዛፍ ይጠፋናል እንዴ?”

“ምንም ችግር የለውም፣ ጋሼ። ባለቤት እንዳላቸው ጎረቤት መስክሯል።”

“ዋሸ ማን አለ? በዚያ ጫካ ውስጥ ከቀፎ ዛፍ በቀር ባለቤት ያለው ዛፍ የቱ ነው፣ ልጄ?”

ጫካው የጋራ ነው፤ ከአባት ለልጅ የሚወረሰው ቀፎ የሚሰቀልበት ትልልቁ ዛፍ ብቻ ነው። በትዳር የገባሁት እኔ እንኳ አውቀዋለሁ፤ ለመዝገቡማ አብሮት ያደገ ወሬ ነው። ጫካውን አድናለሁ ብሎ ልብ ልቡን እያስመረጠ አስቆረጠው።

እየሮጠ ሥራ አስኪያጁ ኢዮስያስ ጋ ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። በሩን አልዘጋውም፤ ደጅ ቆመን ሁሉንም ሰማን።

“ሕጉን እንሰርዘው” አለ መዝገቡ።

“ሰርዘንስ ምን እንገዛለን? ባለቤት የሌለውን?”

“ጓሮ የተተከለ ብቻ።”

“የባሕር ዛፍ ጠረጴዛ ማን ይገዛናል? ተው እንጂ መዝገቡ! ደንበኞቹ እንደሆኑ ሕጉን ወደውታል።” ኢዮስያስ ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁ እንደጨነቀው ያስታውቅ ነበር፤ ግን አልተንቀሳቀሰም።

መዝገቡ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

“የአባቴስ ዛፍ?” አለ።

አባቱ ያወረሱት የቀፎ ዛፍ አለው። በየዓመቱ የምንበላው ማር የዚያ ነበር፤ ቀፎውን የሚሰቅሉለት አጎቱ ናቸው።

“ያንተማ ቆሟል” አሉት አጎቱ። “ ባለቤቱ እዚህ ነህ፤ ማን ይሸጠዋል?”

መዝገቡ በረጅሙ ተነፈሰ። እኔም ደስ አለኝ፤ አንድ እንኳ ተርፏል ብዬ።

“ቀፎውን ዘንድሮም ሰቀልኩልህ” አሉ ጋሽ ገብረወልድ። “ድሮ ሰቅለህ ሳትቆይ ንቡ ይገባልሃል። ዘንድሮ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ከየት ይምጣ? ዙሪያው ተመንጥሯል።”

ከዚያ የባሌን እጅ ያዙ። ሊያጽናኑት ፈልገው ነው።

“ሽጠው ልጄ። ብቻውን ከቆመ ነፋስ ይጥለዋል። አንዱ ምስክር እኔ እሆንልሃለሁ።”