ሻማው ይቅደም

ዘገዬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ቢሮው ተቀምጦ የሠራው ድረ ገጽ፣ በደርግ ዘመን ከከተማዋ ተወስደው የቀሩትን ልጆች ፎቶ የሚያሳይ ነው። ያማረ ሥራ ነበር። ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ገጹ ላይ ሻማ የሚያበራውን ስክሪፕት፣ ጃቫስክሪፕት በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈውን ትእዛዝ፣ ከገጹ ኮድ አናት ላይ አስገባው። ለሙት መጀመሪያ ሻማ ይበራለታል ብሎ ነው። የቢሮው ኢንተርኔት ፈጣን ስለሆነ ሻማው ብልጭ ይላል፣ ፎቶዎቹም ይከተላሉ፤ እሱም በሥራው ኮራ።

ከከተማዋ ማዶ ሳቢያን ሰፈር ግን ኔትወርኩ ደካማ ነው። እዚያ የሺአረግ የሚባሉ አሮጊት አሉ። በዚያ ክፉ ጊዜ ፍተሻ ፈርተው የልጃቸውን የበቀለን ፎቶ ሁሉ በገዛ እጃቸው አቃጠሉት፤ ልጁም አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ፊቱን አይተውት አያውቁም። አሁን የትምህርት ቤት ጓደኛው ኢስማዒል፣ ሐርላ በምትባል የገጠር መንደር ደብቆ ያቆየውን አንድ ፎቶ ለገጹ እንደላከ ሰሙ። ችግሩ ዓይናቸው ነው፤ ሐኪሙ የቀረችው ብርሃን ብዙ አትቆይም ብሏቸዋል።

ጎረቤታቸው ቱሪያ ስልኳን ይዛ ዘገዬ ቢሮ መጣች። ሴትዮዋ ከትናንት ጀምሮ ስልኩ ላይ አፍጥጠው እህል እንኳ እንዳልቀመሱ ነገረችው።

«አቦ፣ ነጭ ብቻ ነው የሚያሳየን» አለችው።

ዘገዬ በኮምፒውተሩ ከፍቶ፣ ይኸው ይሠራል፣ ስልክሽ ነው ሊላት ነበር። ደግነቱ ምላሱን ያዘ። የራሱን የኢንተርኔት መስመር ሆን ብሎ አዘግይቶ ቢሞክረው፣ ለእሱም ነጭ ሆነበት። ያን ጊዜ ገባው። ስልክ ገጽን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ አናቱ ላይ ከባድ ስክሪፕት ካጋጠመው፣ እሱን ሳይጨርስ ወደ ፎቶዎቹ አይወርድም። ለሟች ክብር ያለው ነገር እናትን ደጅ አስጠንቷል። አፈረ። ስክሪፕቱን ከፎቶዎቹ ሁሉ በታች፣ ገጹ መጨረሻ ላይ አወረደውና ከቱሪያ ጋር ባጃጅ ተሳፈረ።

የሺአረግ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ጠበቋቸው። ቱሪያ ገጹን ከፈተችው። ሻማው ገና መንገድ ላይ ነበር፤ የበቀለ ፊት ግን ወዲያው ወጣ። አሮጊቷ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ብዙ አዩት። ዘገዬ ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር።

«ይኼ ሕፃን ነው እኮ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የደረሰ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሊወስዱት የመጡት ‹ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል› ሲሉኝ፣ ልጄን ‹ሂድ፣ ወንድ አይደለህ? ምን ያስፈራሃል› ብዬ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።»

ዘገዬ በሆዱ፣ ነጩ ገጽ ይሻላቸው ነበር አለ። ቱሪያ ስልኩን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን አልሰጧትም።