ሽብሽቡ ይመለስልኝ

ዘይነባ በፎቶ አንሺው በምንይችል ላይ ቂም ከያዘች ዓመታት አለፉ። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች። ለሰው ብትነግር ይስቅባታል እንጂ አይረዳትም፤ የበደላት አሳምሮ እያነሳት ነውና።

ልጇ ፈርሂያ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ዘይነባ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ በሩን ማታ የምትቀረቅረው እሷ፣ ጠዋት የምትከፍተው እሷ። ወደ ዐረብ አገር የሚመለስ ሰው በተገኘ ቁጥር ምንይችል ዘንድ ሄዳ ፎቶ ትነሳና ትልካለች። ያገሬው ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ለስደተኛ ልጁ ወዝቶ፣ አምሮ፣ አረንጓዴ መናፈሻ ውስጥ ቆሞ ነው የሚታየው። ልጅ በሰው አገር እንዳይጨነቅ ተብሎ።

ፈርሂያም አልተጨነቀች። «ማሻ አላህ እማ! አንቺማ ጭራሽ ልጅ ሆነሻል! እንግዲያው ኮንትራቱን ላድሰው» ትላለች በስልክ።

ዘይነባ ደግሞ «ነይልኝ» የሚል ቃል ብትሞት ካፏ አይወጣም። «እንዳሻሽ» ብላ ትዘጋለች። ከዚያ ወዲያ የሚያናግራት የለም።

ዘንድሮ ለእረፍት የመጣችው ጎረቤቷ ዙሀራ ወደ ጅዳ ልትመለስ ተነሳች። የፈርሂያም ኮንትራት ሊያልቅ ነው። ዘይነባ ቂሟን እንደያዘች ስቱዲዮው ገባች።

«እትዬ ዘይነባ! ይቀመጡ እስቲ፤ ዘንድሮስ ኮረዳ ነው የማደርግዎ!»

«ምንም እንዳታደርገኝ። እንዳለሁ አውጣኝ።»

«ኧረ ወዲያ! ሰው ምን ይለኛል? ፎቶው ጀርባ ላይ እኮ የኔ ማኅተም ነው ያለው።»

አነሳትና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ቀኝ እጁ ማውሱን ይዟል፤ የግራው ጣቶች ቁልፎቹ ላይ እንደሚቆላ ሽምብራ ይፈናጠራሉ። አፉም አያርፍም፤ የሚጫነውን ሁሉ እየጠራ ነው የሚሠራው። «ኮንትሮል ኤም» ሲል ፊቷ ፈካ። ሽብሽቧ ተለሰነ። ጉንጯ ሞላ። የወለቀው ጥርሷ ካምናው ፎቶ ተቀድቶ ቦታው ገባ። እጁ ሲስት «ኮንትሮል፣ አልት፣ ዜድ» ይላል፤ የሠራው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። የቁልፎቹ ፊደል ተፍቆ አልቋል፤ ባያልቅም ዘይነባ የፈረንጅ ፊደል አታውቅም። ጣቶቹ የሚያርፉበትን ግን በየዓመቱ አጠገቡ ቆማ እያየች ለይታዋለች።

ከመጋረጃው ጀርባ ሙሽሮች ጠሩት። «መጣሁ እትዬ» ብሎ ገባ።

ዘይነባ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሦስቱን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነች። ጥርሷ ወለቀ። ደገመች። ጉንጯ ጎደጎደ። ደገመች። ሽብሽቡ እየተከታተለ መጥቶ በዓይኗ ዙሪያ ሰፈረ።

ኮምፒውተሩ ላይ የወጣችውን ሴት አየቻት። ይህችን ሴት ጅዳ ያለ ሰው አያውቃትም። ፈርሂያ ስታያት ታለቅሳለች። እጇ ቁልፎቹ ላይ ቀረ።

«ታልቅስ» አለች። ኮንትሮልንና ሲያትም የሚነካውን ቁልፍ ተጫነች፤ ከዚያም እሱ መጨረሻ ላይ የሚመታውን ትልቁን ቁልፍ። ማተሚያው አጉረመረመ።

ምንይችል እየሮጠ ወጣ። «እትዬ! ምን ነካዎ? ይሄማ የታመመ ሰው ፎቶ ነው!»

«አልታመምኩም። ብቻዋን የምትበላ ሴት እንዲህ ናት። ማኅተምህ ካፈረ አትምታው።»

ሒሳቧን ከፍላ፣ ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ዙሀራ ቤት ወሰደችው። ዙሀራ ዕቃዋን እየሸከፈች ነበር። ፎቶውን ተቀብላ አየችው።

«እትዬ፣ ይሄን ልስጣት?»

«ስጫት።»

«ምን ልበልልሽ?»

«ምንም። ደህና ናት እንዳትያት ብቻ።»