የእንግዳ ቀበቶ

«የተከበራችሁ የጭሮ ከተማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ውድ የሀገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ነጋዴዎችና የባጃጅ አሽከርካሪዎች፤ በከተማችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የውጭ ዜጋ ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በቀኝ እግሩ ጣውላ ይሰብራል። ጣውላው የሀገር ውስጥ ምርት ነው።»

ድምፅ ማጉያ አናቷ ላይ የታሰረባት ባጃጅ ከመናኸሪያው ወደ ጫት ተራ፣ ከጫት ተራ ወደ መናኸሪያው ስትመላለስ አብራር የአዳራሹን የስፖንጅ ምንጣፍ በዱላ እያራገፈ ነበር። አዋጁን በሰማ ቁጥር ጠበቅ አድርጎ ይመታዋል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ፣ ከወራት ወዲህ በዚያ አዳራሽ ከልብ የተመታ ነገር ቢኖር ያ ምንጣፍ ብቻ ነው።

ሹክሪያ ጣውላውን በሁለት እጇ አቅፋ ገባች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ከእሷ የሚረዝሙ ልጃገረዶችን አንጥፋ ከዞኑ ውድድር ሜዳልያ ያመጣች፣ የአብራር ምርጥ ተማሪ ናት።

«ማስተር፣ ወንድሜ ከጣውላው ጀርባ እስከ ግማሹ በመጋዝ ገብቶበታል። ከዚህ በላይ ከገባሁበት ሰው ሲያስነጥስ ይሰበራል ብሏል።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«እሺ። ዛሬ የመውደቅ ተራው የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«ባለፈውም እኔ ነበርኩ እኮ! ወላሂ፣ በውድድር ያልተሰበረ ዳሌዬ በአክብሮት ሊሰበር ነው።»

አብራር አልሳቀም። ቀን ቀን መናኸሪያው አጠገብ ጎማ ይጠግናል። ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙሉ ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል፣ እሱ በዚህ አሮጌ አዳራሽ የሰፈሩን ልጆች ቴኳንዶ ያስተምራል። አሥር ዓመት ሆነው። በዚያ ሰዓት ጉንጩ ያላበጠ ወጣት በብዛት የሚገኝበት ቤት ይሄ ነው።

የዛሬው ጣጣ የመጣው ከአንድ ቀላል ጥያቄ ነበር። ዶክተር ሙራሊ የሚባል ህንዳዊ የአፈር ሳይንስ መምህር፣ ዕድሜው ሃምሳ የተጠጋ፣ ሆዱ ከሸሚዙ ቀድሞ የሚገባ ሰው፣ «ምንም ለማያውቅ ሰው ከሀሁ ጀምሮ የሚያስተምር የማርሻል አርት ክለብ አለ?» እያለ አካባቢውን ዞረ። ሂርና የሚገኝ የካራቴ አሠልጣኝ ወንበር አስመጣለት፣ ለስላሳ ከፈተለት፣ ልጆቹ ሲራገጡ እስኪመሽ ካሳየው በኋላ ሁሉም ተነስተው አጨበጨቡለት። መሰላ ላይ ለወጣቶቹ ምክር እንዲለግስ ተጠየቀ። ሌላ የሚያውቀው ስለሌለ ስለ አፈር መሸርሸር መከራቸው። እዚሁ ጭሮ አንድ ክለብ የክብር ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠው። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ትምህርት ሲለምን ከተማው ክብር ይሰጠዋል።

አብራር ጋ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን መማር እንደፈለገ የነገረውም ያኔ ነው፤ በአራት ዓመት በለቃቀመው፣ ቀስ በሚለው አማርኛው።

«ሚኤሶ ወርጄ ነበር፣ የአፈር ናሙና ልወስድ። ሐዲዱ ጋ ሁለት ሰዎች ስለት አወጡ። ስልኬን ሰጠሁ። ጫማህን አሉኝ። ክሩን የፈታሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ቋጠሮው እምቢ ሲለኝ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።» ወደ እግሩ አየ። «ስልኩ ምንም አይደለም። ይቅርታው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።»

አብራር ሰውየውን ወደደው። ነጭ ቀበቶ አስታጥቆ ከሰባትና ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር የኋላው ረድፍ ላይ አቆመው። በማግስቱ የገዛ እናቱ፣ ወይዘሮ ኩብራ፣ የሳምቡሳ ሽያጯን ትታ አዳራሽ ድረስ መጣች።

«አንተ ልጅ፣ ኬሱማን፣ እንግዳን፣ ከሕፃናት ኋላ ታቆማለህ? ባዶ እግሩን? እንግዳ የሚቆምበትን ቦታ እናቱ አላሳየችውም እንዲሉኝ ነው?»

ሙራሊ ወደ ፊት ረድፍ ተዛወረ። ከዚያ ልጆቹ መውደቅ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ኬሱማ እንደማይመታ፣ ኬሱማ እንደማይሸነፍ ከጡት ጋር የጠቡ ልጆች ናቸው፤ የሙራሊ እግር ገና ከመሬት ሳይነሳ እነሱ ተዘርግተዋል። የመጀመሪያው ልጅ ሲወድቅ የሰውየው ፊት እንዴት እንደበራ አብራር አየ። ዝም አለ። በሁለተኛውም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ዝምታው የትምህርቱ ክፍል ሆነ።

ያልቃል ሲል ደግሞ አቶ ሙከሚል መጣ። አቶ ሙከሚል የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ምን እንደሚመለከተው በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም። አዳራሹ ለአንድ የጫት ነጋዴ መጋዘን ሊሰጥ መሆኑን ሊነግር መጥቶ፣ የፊት ረድፍ ላይ ሙራሊን ሲያይ አፉ ውስጥ ያለውን ንግግር ዋጠው።

«የውጭ ዜጋ አላችሁ?»

«አንድ።»

«አንድ ይበቃል። የውጭ ዜጎችን ተጠቃሚ ያደረገ ክለብ ብለን እናቀርበዋለን። ቶሎ ቶሎ ቀበቶ ስጠው። ከዞን ሰዎች ሲመጡ ሰማያዊ ታጥቆ ማየት እፈልጋለሁ። ያኔ አዳራሹ ያንተ ነው።»

እነሆ ቀኑ ደረሰ። ሙራሊ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ አረንጓዴ ቀበቶውን ታጥቆ፣ ከሁሉም ቀድሞ አዳራሽ ገባ። እግሩ ላይ አዲስ ጫማ አለ።

«ማስተር፣ እንዴት አደርክ? ጫማዬን እየው። ነገ ለሚኤሶ ነው።»

«ሚኤሶ? ከሥራ መኪናው ጋር?»

«ብቻዬን፣ በሚኒባስ። እዚያው ሐዲዱ ጋ። ናሙናው ሳያልቅ ነው የቀረው።» ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ነካ አደረገ። በድርብ ቋጥሮታል። «ሰዎቹ ካሉ ደግሞ፣ ይሄኛውን ራሳቸው ይፍቱት።»

አብራር ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ዶክተር፣ ስለት ነበራቸው ብለውኛል እኮ።»

«ስለት የያዘ እጅ ምን እንደሚደረግ አስተምረኸኛል። ሹክሪያ ላይ ስንት ጊዜ ሠራሁት! አንድም ቀን ቢላዋው እጇ ላይ አልቀረም።»

«የፕላስቲክ ቢላዋ ነው።»

«እጁ ግን እጅ ነው።»

«ዶክተር፣ ቀበቶ ጨርቅ ነው።»

ሙራሊ ሳቀና ትከሻውን መታ አደረገው። «ትሕትና። ይህንንም ካንተ ነው የተማርኩት።»

«ልጆቹ እኮ በጣም ያከብሩዎታል።»

«እኔም አከብራቸዋለሁ። ለዚህ ነው ቀስ ብዬ የምመታቸው።»

አብራር፣ የሰጠንህ ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ለእንግዳ በፊቱ መናገር የሚቻልበትን መንገድ በአማርኛም በኦሮምኛም አላገኘም። ወደ በሩ ወጣ። አቶ ሙከሚል በሱፍ ልብሱ ላይ ባጅ ሰክቶ ወንበር እያስደረደረ ነው።

«አቶ ሙከሚል፣ ጣውላው ይበቃል። ፍልሚያው ይቅር። ሰማያዊውም ይቅር።»

«ምነው፣ አመመው?»

«አላመመውም። ነገ ሚኤሶ ሊወርድ ነው። ያንን ቀበቶ አምኖ።»

«ሚኤሶ የኔ ወረዳ አይደለም» አለ አቶ ሙከሚል፣ አንዱን ወንበር ወደ ግራ እየገፋ። «እኔን የሚመለከተኝ አራት ሰዓት ነው።»

አራት ሰዓት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። የዞኑ እንግዶች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ከኋላቸው የልጆቹ ወላጆች፣ ከወላጆቹ ኋላ ህንድ ፊልም ላይ እንዳዩት አንድ ሰው ሃያ ሰው ሲጥል ለማየት የመጣው የመናኸሪያ ወጣት። አቶ ሙከሚል ስለ ስፖርትና ስለ ሕዝቦች ወንድማማችነት ተናገረ። ሙራሊ ክሩን ሳይፈታ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ዳር በሥርዓት አስቀመጠና ጮኸ፣ ረገጠ። ጣውላው እግሩን ሳይጠብቅ ለሁለት ሆነ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ቀጥሎ ሹክሪያ ወጣች። እጅ ነሱ። ሙራሊ እግሩን አነሳ፤ ሹክሪያ ሁለት እርምጃ ተወርውራ፣ በጎኗ ተገልብጣ፣ ሻርፗን እየያዘች ወደቀች። በጣም ያማረ አወዳደቅ ነበርና አንድ ሽማግሌ «ማሻ አላህ» አሉ። የፕላስቲኩ ቢላዋ ሲመጣም እንዲሁ ሆነ፤ ሙራሊ የእጇን አንጓ ገና ሳይጨብጠው ቢላዋው መሬት ነበር።

አቶ ሙከሚል ሰማያዊውን ቀበቶ በሁለት እጁ ዘርግቶ ተነሳ። ሙራሊ በላብ የራሰ ፊቱን ወደ አብራር አዞረና ፈገግ አለ። አብራር ግን ያየው ምንጣፉ ዳር የተቀመጡትን ጫማዎች ነው። በድርብ የተቋጠረውን ክር።

«አንድ ዙር ይቀራል» አለ።

«ከማን ጋር?» አለ አቶ ሙከሚል።

«ከኔ።»

ሕዝቡ ደስ አለው። ማስተሩ ራሱ ሊወድቅለት ነው፤ ከዚህ በላይ ክብር የለም። ሙራሊም ደስ አለው። እጅ ነሱ። ሙራሊ ሹክሪያን የጣለበትን ረገጣ ረገጠ። አብራር ባለበት ቆሞ በግራ እጁ ጠረገውና ታፋውን መታው። ሙራሊ ወደቀ፤ እየሳቀ ተነሳ። ጨዋታ መስሎታል። ሁለተኛው ምት ጎኑ ላይ አረፈ። ሲነሳ ሳቁ የለም። ከወደቀበት የፕላስቲኩን ቢላዋ አንስቶ አብራር ራሱ ያዘው። ሙራሊ የተማረውን ሁሉ ሞከረ፤ አንጓውን ሊጨብጥ ተወረወረ፣ ቢላዋው ግን አንዴ ሆዱን፣ አንዴ አንገቱን፣ አንዴ ብብቱን ነካው። ከዚያ አብራር እግሩን ከሥር አጠፈለት። የእውነት መውደቅ ድምፁ ሌላ ነው። አዳራሹ ረስቶት ስለነበር ሁሉም ሰው ደነገጠ። የሙራሊ ከንፈር ደምቷል።

«ኬሱማ ይመታል?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። የማን ድምፅ እንደሆነ አብራር ዞሮ ማየት አላስፈለገውም።

ከመናኸሪያው ወጣቶች አንዱ «ቀንቶበት ነው» አለ። ሌላው ተቀበለው፤ «ሰማያዊ ሲያገኝ ዐይኑ ቀላ።»

አቶ ሙከሚል ቀበቶውን እንደያዘ ምንጣፉ ላይ ወጣና አፉን ወደ አብራር ጆሮ አስጠጋ። «እግሬ ስቶ ነው በል። እሷን ብቻ። ሕዝቡ ይስቃል፣ ዶክተሩ ይነሳል፣ አዳራሹ ያንተ እንደሆነ ይቀራል።»

ሙራሊ መሬት እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየው። ንግግሩን ሰምቷል። እሱም ያቺኑ ቃል እየጠበቀ ነበር፤ ዐይኑ ይለምናል። አብራር ያንን ዐይን ሲያይ ልቡ ሊከዳው ደረሰ። እግሬ ስቶ ነው ማለት ቀላል ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ የሚኤሶ ሚኒባስ ቶሎ ነው የሚሞላው።

«እግሬ አልሳተም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው።

ሙራሊ ለመነሳት እጁን መሬት ላይ ሲያሳርፍ ከጣውላው ግማሽ ላይ ዐረፈ። አነሳው። አውራ ጣቱን በስብራቱ ላይ አስኬደው፤ እስከ ግማሽ የሻከረ ስብራት፣ ከግማሽ በኋላ መጋዝ ያስተካከለው ልስልስ ነው። ሹክሪያን አያት። ሹክሪያ እግሯን ማየት ጀመረች። ከኋላዋ የተደረደሩት ልጆችም አንድ በአንድ እግራቸውን ማየት ጀመሩ።

«ሁሉም?» አለ ሙራሊ፣ ለአብራር ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

አብራር ራሱም እግሩን አየ።

ሙራሊ ጣውላውን የተገዘገዘው ጎን እንዳይታይ ገልብጦ አስቀመጠው። ከዚያ እጁን ወደ ወገቡ ወሰደና አረንጓዴውን ቀበቶ መፍታት ጀመረ። ላብ የጠጣ ቋጠሮ ነው፤ እምቢ አለው። አብራር ሊያግዘው እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው።

«ይቅርታ» አለ ሙራሊ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አዳራሹ ጠበቀው። ቋጠሮው ሲፈታ ቀበቶውን አጣጥፎ ምንጣፉ ላይ አኖረ፣ ጫማዎቹን አንጠለጠለ፣ በባዶ እግሩ እያነከሰ በሕዝቡ መሀል ወጣ። ወይዘሮ ኩብራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ተከተለችው፤ ውሃ ልታቀርብለት ይሆናል።

አቶ ሙከሚል እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን።»

አብራር ቁልፉን ሰጠው።

«ማስተር እኮ…» አለች ሹክሪያ።

«ዝም በይ» አላት አብራር።

«እሺ፣ አዳራሹ ሄደ» አለ አቶ ሙከሚል ድምፁን ለእንግዶቹ ከፍ አድርጎ። «ግን ይህ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ የመጣ ነው። እንግዳ አድምተሃል። ቢያንስ ለምን እንደመታኸው ለሕዝቡ አስረዳ።»

አብራር ጎንበስ ብሎ የጣውላውን ሁለት ግማሽ ሰበሰበና የተገዘገዘውን ጎን ወደ ውስጥ አድርጎ ብብቱ ሥር ወሸቃቸው።

«አላስረዳም።»