ስንጥቁ ላይ የተለጠፈው መስታወት

በአክስት ኑንዚያታ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ ያመጣው ዕድሜ ነው፤ መስታወቱን የለጠፍኩት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም።

ግንበኛ ነኝ፤ ሥራው ቀላል ነው። ጣት የምታህል ስስ የመስታወት ቁራጭ ስንጥቁ ላይ አጋድሜ ሁለቱን ጫፎች በጀሶ እይዛለሁ፤ ጀሶው ሳይደርቅ ቀኑን በምስማር እጽፍበታለሁ። ቤቱ የፀጉር ያህል እንኳ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ በየጊዜው እየመጣ ያያል። ተሰብሮ ከተገኘ ሰዎቹ ይወጣሉ፣ በሩም በቢጫ ድንጋይ ይደፈናል። በጣሊያን፣ በአሮጌዋ ታራንቶ ደሴት፣ በእኛ ቅያስ ብቻ፣ አሥራ አንድ በር ተደፍኗል፤ ዘጠኙን የደፈንኩት እኔ ነኝ። አንዱ የእናቴ ነበር። ከድልድዩ ማዶ አዲስ ፎቅ ላይ ቤት ሰጧት። እሷ ግን እሑድ እሑድ በአውቶቡስ እየመጣች የተደፈነው በሯ ፊት ቆማ ድንጋዩን ታየው ነበር። "ጥሩ አድርገህ ገንብተኸዋል" አለችኝ አንድ ቀን። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ባለችው ሰዓት ደሴታችን ሙሉ በሙሉ ይተኛል። መስኮት ይዘጋል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም፤ ከግራም ከቀኝም የባሕሩ ድምፅ ወደ ባዶዎቹ ቤቶች ይገባና ከክፍል ክፍል ይዞራል። ጣሪያ በሌላቸው ሳሎኖች ወለል ላይ የበለስ ዛፍ በቅሏል። አንዳንዴ በዚያች ሰዓት፣ ሰው ከወጣበት ቤት ውስጥ ወንበር ሲጎተት የሰማሁ ይመስለኛል። ሄጄ አይቼ አላውቅም። ካየሁ ማንም አይኖርም፤ ካላየሁ ግን ይኖራሉ።

ከአራት ዓመት በፊት አክስት ኑንዚያታ የጠሩኝ በዚያች ሰዓት ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ቅርጫታቸውን በገመድ አወረዱ። ዳቦ ልገዛላቸው መስሎኝ ስመለከት፣ በመሐረብ የተጠቀለለ፣ ለሁለት የተሰበረ መስታወት አገኘሁ።

"ካታልዶ፣ መስታወት አለህ?" አሉኝ ከላይ፣ ጨው እንደሚዋስ ሰው።

ነበረኝ። ወጣሁ፣ ለጠፍኩ፣ ጀሶው ላይም የድሮውን ቀን ጻፍኩ። የእናቴ ፊት ነው ያስጻፈኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቤት ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ጽድቅ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ መሐንዲሷ ማንዶሪኖ ወረቀቷን ታቅፋ፣ ፊቷ በርቶ መጣች።

"ማስትሮ ካታልዶ፣ የምሥራች ልንገርዎ። የኑንዚያታ ቤት አራት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ሐሙስ ድጋፎቹን እርስዎ ያነሷቸዋል።"

ድጋፎቹ ከአክስት ኑንዚያታ ግድግዳ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ ከመንገዱ በላይ የተወጠሩ ወፋፍራም እንጨቶች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ቤቱ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ምን አደረጉ? እዚያው ይቆዩ እንጂ" አልኳት።

"ከዓሣ ገበያው ጀርባ ያለ አንድ ቤት መስታወቱ ተሰበረ። ሕፃናት አሉበት። ሌላ እንጨት ደግሞ የለንም።"

እሺ አልኳት።

ሐሙስ መሐንዲሷ ከመድረሷ በፊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣሁ። አክስት ኑንዚያታ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ድሮ መኳንንት ያስቀቡት ሰማይ ነው፤ መሐሉ ላይ ተነድሎ እውነተኛው ሰማይ ይታያል። ወንጭፊቶች ከእውነተኛው ወደ ተቀባው ይገባሉ፣ በቀለም ደመናዎቹ ሥር ይዞሩና ተመልሰው ይወጣሉ።

"ና ተቀመጥ" አሉኝ። "ከእነዚህ ወፎች አንዱ የተቀባ ነው። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።"

"አክስቴ፣ እንጨቶቹን አንሳ ተብያለሁ።"

"ይነሱ። ልብሴ ፀሐይ ያገኛል።"

"ከተነሱ ቤቱ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ እኮ ነው መስታወት የቀየርኩት።"

ፈገግ አሉ። "ሦስት ጊዜ ነው የምትለው?"

ዓይናቸውን ተከትዬ ወደ ኮሞዲኖው ዞርኩ። ባላቸው የመርከበኛ ልብስ ለብሰው፣ እህታቸው ሙሽራ ሆና፣ የቆረበ ሕፃን፣ የቅዱሳን ሥዕል። በአንዱም ክፈፍ ላይ መስታወት አልነበረም። የባሕሩ አየር ፎቶግራፎቹን ጠቅልሏቸዋል።

"ሁልጊዜ አንተን ማስቸገር አፈርኩ" አሉ። "ቆርጬ ራሴው ለጠፍኩ። ያታከተኝ የእጅ ጽሕፈትህን መምሰሉ ነው። ሰባትህ አንድ ነው የሚመስለው፤ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው የተማርከው?"

"ስንት ጊዜ?"

"እኔ እንጃ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይገላበጣል፣ ልክ እንደተኛ ሰው። ከዚያ ቀጭ ይላል፣ እነሳለሁ።"

ክፈፎቹን ቆጠርኩ። አሥራ አራት ነበሩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አራት ዓመት ሙሉ ይህን የሚያህል ግንብ በሰው አናት ላይ አንጠልጥዬ፣ በሥሩ የሚያልፈውን ሁሉ ደህና ዋልክ ስል ኖሬያለሁ።

"አክስቴ፣ እንውረድ።"

"ወዴት? እናትህ ጋ?"

እናቴ እዚያ ከድልድዩ ማዶ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አለቀስኩ፣ ይህን አልደብቅም። እሳቸው ወደ ጣሪያው አዩ። አንዷ ወንጭፊት ገብታ እስክትወጣ የጠበቁ መሰለኝ።

"ጫማዬን አልብሰኝ" አሉ በመጨረሻ። "በባዶ እግሬ ጎረቤት ፊት አልወርድም።"

አዝያቸው ወረድኩ። ጀርባዬ ላይ ክብደታቸው ከአንድ ባልዲ ጀሶ አይበልጥም ነበር። ከታች ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳቸው፤ ወዲያው መሐንዲሷ መጣች። የውሸቱን ቀን፣ የክፈፎቹን መስታወት፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ወረቀቷን አየችው፣ አጠፈችው።

"እንጨቶቹን እንዳይነኳቸው" አለች። ቆየት ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይሄ ቤት ብቻ ነው?"

በእኛው ቅያስ ውስጥ በእጄ የውሸት ቀን የጻፍኩባቸው ሌሎች አምስት ቤቶች ነበሩ። የቅያሱ ሴቶች ከእንቅልፋቸው ተነስተው በየሰገነቱ ወጥተዋል። ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአምስቱ ቤቶች በአንዱ የምትኖረው ማርጌሪታ የልጅ ልጇን ታቅፋ ቁልቁል እያየችኝ ራሷን ቀስ ብላ ወዘወዘች፤ አደራህን እንደማለት።

አክስት ኑንዚያታ እጄን ያዙ።

"ንገራት፣ ልጄ" አሉ። "እኔስ ወረድኩ አይደል?"

"የማርጌሪታ" አልኩ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። "ቀጥሎ ደግሞ የእህቴ ቤት።"