ለቅዱሱ ፊት ፍለጋ

የሕግ ኮሌጁ ጠባቂ ቅዱስ አለው። የሕክምናውም አለው። የንግድ ኮሌጁ ሳይቀር በሕይወት ዘመኑ ሳንቲም ነክቶ የማያውቅን መናኝ ሐውልት በሩ ላይ አቁሟል። በዚያ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ወላጅ አልባ ሆኖ የቀረው የኮምፒውተር ኮሌጁ ብቻ ነበር፤ ዲኑም ይህን እንደ ግል ቁስሉ ያየዋል። በየስብሰባው «ለመሆኑ እኛን የሚያማልደን ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ በየጊዜው እየወደቀ የሚያንገበግባቸው መምህራንም ጥያቄውን አግባብ ነው ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በመጨረሻ ቅዱስ ተገኘ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኖረ፣ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ለመሰብሰብ ሲደክም ያለፈ ጳጳስ ነው። ችግሩ መልኩን የሚያውቅ የለም። ሌላ ኮሌጅ ቢሆን ለሐውልት ቀራጩ «ጢም ያለው ሽማግሌ አድርግልን» ብሎ ይገላገል ነበር። ዲኑ ግን ደረቱን ነፍቶ፣ «የኛ ቅዱስ ፊት የሚወጣው ከራሳችን ማሽን ነው» አለ። ሥራው ወጣቷ መምህርት ላይ ወደቀ።

መምህርቷ የኮንትራት ሠራተኛ ነች። ተማሪዎቹ ሲመረቁ ውሏ ያበቃል፤ ቋሚ የሚያደርጋት የዲኑ ፊርማ ብቻ ነው። እናቷ ማታ በር ስትከፍትላት ከሰላምታ በፊት «ፈረመልሽ?» ትላለች። ልጅቱ በስብሰባ ላይ ድምጿ አይሰማም፤ አንገቷን ደፍታ ነው የምትቀመጠው። በሆዷ ግን ማንንም አትምርም። ዲኑን «ከረባት ያሰረ ፊኛ» ትለዋለች፤ ባልደረቦቿን ደግሞ ፊኛው ሲያልፍ የሚያጎነብስ ሣር።

«ፊቱ የኛን ሰው ይምሰል» አላት ዲኑ። «ኮሌጁ ያነሳቸው ፎቶዎች አሉ አይደል? እነሱን ተጠቀሚ።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

ፕሮግራሙ በማየት የሚማር ነው። ብዙ ፊት ያሳዩታል፤ እሱም ያየውን ቀላቅሎ አዲስ ፊት ያወጣል። አብዝቶ ያየውን አብዝቶ ያወጣል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ ያውቀዋል፤ የምታስተምረው እሷው ነች። የኮሌጁን ፎቶዎች ስትከፍት ግን ሳቅ አፈናት። ዲኑ ሪባን ሲቆርጥ። ዲኑ ችግኝ ሲተክል። ዲኑ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ፣ ተቀባዩ ግማሽ ጆሮው ብቻ እየታየ። ዲኑ አዲስ ኮምፒውተር አጠገብ፣ አምጦ የወለደው ይመስል እጁን ጭኖበት።

የወጣው ቅዱስ ዲኑ ነበር። ጢም ጨምሯል፣ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሌላው እንዳለ ነው።

የዲኑን ፎቶዎች አውጥታ፣ የሌሎች ሰዎችን አስገብታ እንደገና ብታሠራው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አላወጣችም። «በምረቃው ቀን ሐውልቱን በሚገልጡት ጳጳስ ፊት ሲዋረድ ልየው» አለች በሆዷ።

ከኋላዋ ያለፈው የኔትወርክ መምህር ቆም አለ። በቁመቱና በቅጥነቱ ተማሪዎቹ «ኬብል» ነው የሚሉት።

«አንቺ፣ ይሄ ሰውዬው አይደል እንዴ?»

«የቱ ሰውዬ?»

ኬብል ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና፣ «ተይኝ እስቲ፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ ሄደ። በንቀት ከንፈሯን አጣመመች። ሣር።

ለዲኑ ስታሳየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው።

«የት ነው የማውቀው?»

ስክሪኑን ወደ እሱ ጠጋ አደረገችው።

«ቅድስና ማለት ይሄ ነው» አለ ራሱ። «አይተሽው የማታውቂው ሰው፣ ዘመድሽ ሆኖ ይታይሻል። ላኪው ለቀራጩ።»

በምረቃው ቀን አደባባዩ ሞልቶ ዋለ። እናቷ የክት ልብሷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ጳጳሱ የሐውልቱን ጨርቅ ሲገልጡት ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ቀራጩ ታማኝ ሰው ነው፤ የላኩለትን አንድም አላስቀረም። መነጽር ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት በሞተው ቅዱስ አፍንጫ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ መነጽር ያጎደጎዳቸው ሁለት ትንንሽ ቦታዎች ነበሩ።

አንድ ሰው አሳለ። «ዓይኖቹ እኮ ይናገራሉ» አለች ምክትል ዲኗ። «በጣም» አለ ኬብል። ሁሉም አየ፤ ሁሉም ዓይኑን ከሐውልቱ ወደ ዲኑ፣ ከዲኑ ወደ ገዛ ጫማው መለሰ።

መምህርቷ የዲኑን እፍረት ጠበቀች። ዲኑ ሐውልቱን ብዙ አየው። ቀስ እያለ የራሱን ፊት አገኘው፤ ስታየው ገባት። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰውየው አልተዋረደም። ለቅድስና ተጠርቷል።

ጳጳሱ የዋዛ ሽማግሌ አልነበሩም። ሐውልቱን አዩ፣ ዲኑን አዩ፣ «ይህን ፊት ያወጣው ማነው?» አሉ። ባልደረቦቿ መምህርቷን ወደ ፊት ገፏት።

«ልጄ፣ ከየት አገኘሽው?»

መልሱን ካዘጋጀችው ሰንብቷል፤ እንደ ግጥም አሽታ፣ አንድ ቃል የማይተርፈው አድርጋ። «ያሳየነውን ነው ያወጣው፤ ያሳየነውም አንድ ሰው ብቻ ነው።» አፏን ከፈተች። ዲኑ አልፈራም፣ አልለመነም፤ እንባውን እየጠረገ ምስክርነቷን ይጠብቃል። እናቷ ከወንበሯ ጫፍ ላይ ሆና የለመደችውን አንድ ቃል በዓይኗ ትጠይቃታለች።

«ማሽኑ ነው የመረጠው፣ አባታችን።»

«አይ ማሽን» አሉ ጳጳሱ። ጸበሉን አንዴ ወደ ሐውልቱ፣ አንዴ ወደ ዲኑ ረጩ፤ ሁለቱን መለየት የሰለቻቸው ይመስል።

ዲኑ በማግስቱ ፈረመ። ተማሪዎችም ከፈተና በፊት የቅዱሱን አፍንጫ መዳሰስ ጀመሩ።

«ቋሚ ሆንሽ አሉ» አላት ኬብል ኮሪደር ላይ።

«አዎ።»

«ጥሩ ነው።» ትንሽ ሄደና ዞረ። «አንቺ ግን ልጅ የለሽም።»

ቁልፏን አውጥታ ወደ ቢሮዋ ገባች።

በሳምንቱ የምሕንድስና ኮሌጁ ዲን በሯን አንኳኳ። እነሱ ቅዱስ አላቸው፤ ግን አርጅቷል፣ ዝናብ አበላሽቶታል፣ አዲስ ፊት ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ አንድ ፍላሽ ዲስክ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፎቶ አምጥቻለሁ። ይበቃ እንደሆን እይልኝ።»

«የማን ፎቶ ነው?»

«የኮሌጁ ነው። እኔ በዛሁበት መሰለኝ መቼም።»

ፍላሹን ሰካችና ማየት ጀመረች። ሪባን፣ ችግኝ፣ የምስክር ወረቀት። በሆዷ የምትሰድብበትን ስም ፈለገች፤ አልመጣም።

«ከጎን የተነሱት የለም?» አለችው። «ለአፍንጫው ያስፈልገኛል።»