ዘጠና ስድስት በመቶ

ሲራኑሽ የኮቷን ኪሶች ገልብጣ አሳየች። ከአንዱ ሁለት ፍሬ የደረቀ ኮክ፣ ከሌላው ቁራጭ ጠመኔ ወጣ። የቼዝ ውድድሩ ዳኛ ኖራይር የተደበቀ ማዳመጫ ፍለጋ ጫማዋን ሳይቀር አስወለቃት፤ ግን ምንም አላገኘም።

"መምህርት፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ አቀርቅሮ። በአርመኗ ከተማ በጊዩምሪ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለ ቼዝ ያስተማረችው እሷ ነበረች። "ከመቶ እርምጃዎ ዘጠና ስድስቱ ኮምፒውተሩ ከሚመርጠው ጋር አንድ ነው። ሰው እንዲህ አይጫወትም።"

"ኮምፒውተሩ አይርበው፣ እጁ አይንቀጠቀጥ። እኔን ከሱ ጋር የምታመዛዝነኝ በየትኛው ሚዛን ነው ልጄ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዳትሳሳቱ ሳስተምር ነው የኖርኩት።"

"ችግሩ እኮ እሱ ነው። ስህተት የለብዎትም።"

የውድድሩን ኮሚቴ ወክሎ የዛሬውን የመጨረሻ ጨዋታዋን ከኋላዋ ቆሞ፣ ከኮምፒውተሩ ስክሪን ጋር እያመሳከረ እንደሚያይ ነገራት። ቁጥሩ ካልወረደ ሦስት ዓመት ትታገዳለች። በአርመን ምድር ቼዝ እንደ ሒሳብ በክፍል የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ የታገደ ሰው ደግሞ ልጆች ፊት አይቆምም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት እነዚያ ልጆች ብቻ ነበሩ።

ተጋጣሚዋ ገና ጢሙን ያላበቀለ ጎረምሳ ነው። "ዛሬስ ማን ያንሾካሹክልዎታል?" አላት ወንበሩን እየሳበ።

ሃያ ሦስተኛው እርምጃ ላይ አየችው። ፈረሷን ብትሰዋ የጎረምሳው ንጉሥ በሦስት እርምጃ መውጫ ያጣል። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር በእጇ ገብቶ አያውቅም፤ ደስታው እንባዋን አመጣው። ወዲያው ግን ከኋላዋ የቆመው ኖራይር ስክሪን ላይም ያው ፈረስ እንደሚታይ ገባት። ብታሸንፍ ሌባ ልትባል ነው።

እጇ ወደ ፈረሱ ሄዶ አየር ላይ ቀረ። በቼዝ የነኩትን ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው፤ ይህን ሕግ ለስንት ልጅ አስተምራለች። ልቧ እንቢ ከማለቱ በፊት ጣቷን ለምንም የማይጠቅመው የዳር ወታደር ላይ አሳረፈች። አንድ እርምጃ ገፋችውና ሰዓቱን ተጫነች።

ኖራይር ከኋላዋ እፎይ ሲል ሰማችው።

ሲራኑሽ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀጣዩን ስህተት መፈለግ ጀመረች።