ለእሷ የነገራት ነገር

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ማውራት እንደሚችል ያወቀችው የጓሮው ክፍል ከተከራየ በኋላ ነው።

ሰውየው በማዕድን ማውጫው የፓምፕ ሠራተኛ ነው። ከመሬት በታች የሚጠራቀመውን ውሃ ስቦ የሚያወጣውን ሞተር ሲጠብቅ ነው ዕድሜው ያለፈው። ጎረቤቶቹ «ዝምታው» ይሉታል። «ምላሱን ጉድጓድ ውስጥ ረስቶት ወጥቶ ነው» እያሉም ይስቁበታል። እሷም ለምዳዋለች። ራት ሲቀርብለት «እጅሽ ይባረክ»፣ ሊተኛ ሲል «ደክሞኛል»፤ በቃ፣ ሌላ የለውም።

ተከራይዋን ያመጣት የመሬቱ መንቀጥቀጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ብርጭቆ ሲንቀጫቀጭ ሰው ሁሉ የድንጋይ ማፈንጃው ነው ብሎ ዝም አለ። በእረፍት ቀን፣ ማንም ምንም ባላፈነዳበት፣ መሬቱ ሲወዛወዝና የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት ቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅ ግን ከተማው ተረበሸ። ያኔ ምክንያቱን የምታጠና ባለሙያ ተላከች። ንዝረት የሚመዘግበውን መሣሪያዋን ከመንገድ ራቅ ያለ የሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ ስለፈለገች የእነሱን የጓሮ ክፍል ያዘች። ወጣት ናት፤ ሳቋ ከአፏ አይጠፋም። ሰፈሩ ወዲያው «ዶክተሯ» አላት።

ዝምታው ከሥራ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ጓሮ መሄድ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ የምትሠራበት ክፍል ከዶክተሯ ክፍል ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ የባሏ ድምፅ ይሰማታል። ቃሉን ለይታ አትሰማም፤ ማውራቱን ግን ትሰማለች። ያወራል፣ ይጠይቃል፣ እንደገና ያወራል! መርፌውን አቁማ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች።

«ምን ስታወሩ ነው የቆያችሁት?» ትለዋለች ሲገባ።

«ስለ መሬቱ ነዋ።»

«መሬቱ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል፤ ይንቀጠቀጣል።» ይልና ሳህኑ ላይ ያቀረቅራል።

ጢሙን ሳይላጭ ሳምንት የሚከርመው ሰውዬ በየቀኑ መላጨት ጀመረ። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ሦስቱም ደጅ ቆመው ሳለ ባሏ ለዶክተሯ «ያልሽኝን አስቤበት ነበር» አላት። ያልሽኝን! ትናንት «እርስዎ» ሲላት አልነበር? መቼ ነው «አንቺ» ማለት የጀመረው? ልብስ ሰፊዋ ሳቅ ብላ ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናዋን እየጎተተች ከሚጋሩት ግድግዳ ጋር አስጠጋች። ከዚያ የጀመረችውን የሥራ ቱታ ሁሉ እዚያው ላይ ትቀጠቅጠው ጀመር። ፔዳሉን ስትረግጠው ያቺን ሴትዮ የምትረግጣት ይመስላታል። አመሻሹ ላይ ዶክተሯ ዓይኗ ፈጦ መጣች።

«እትዬ፣ ዛሬ ምንም አልተሰማዎትም? መሣሪያዬ መሬቱ ቀኑን ሙሉ ሲርገበገብ ዋለ ይላል! ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነው የቆመው።»

«ምሳ ሰዓት ላይማ እኔም ምሳ በላሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ክር እየበጠሰች።

ዶክተሯ መኪናውን አየች፤ ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዝምታው ግን በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቶ ነበር፤ አልሳቀም።

«ቀልድ መሰለሽ?» ብሎ ጮኸ። በትዳር ዘመናቸው ሙሉ ጮሆባት አያውቅም። «ሰው ቤቱ ሊፈርስበት ነው እኮ!»

ለእሷ ብሎ ጮኸብኝ፣ ስትል አሰበች። የዚያን ዕለት ራት አልበላችም፤ እሱም ለምን እንዳልበላች አልጠየቃትም።

ትልቁ መንቀጥቀጥ በዚያው ሳምንት ጠዋት ላይ መጣ። የክር ሳጥኑ ከመደርደሪያው ወርዶ ተበተነ፤ ወለሉ ከእግሯ ሥር የሸሸ መሰላት። ወደ ውጭ ወጥታ መጀመሪያ ያሰበችው ታናሽ እህቷን ነው። እየሮጠች ስትደርስ የእህቷ ቤት የጎን ግድግዳ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። እህቷ አቧራ ለብሳ፣ ክንዷን ደግፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«አለሁ፣ አታልቅሺ» አለቻት። «ክንዴ ብቻ ነው።»

ዶክተሯ የፈረሰውን ግድግዳ ለማየት ቀድማ ደርሳ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ዝምታው ከሥራው እያለከለከ መጣ። የፈረሰውን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ሚስቱን አልፎ ሄዶ ዶክተሯ ፊት ቆመ።

«እኔ ነኝ፣ አይደል?» አላት።

«ብቻህን አይደለህም፤ አዝዘውህ ነው» አለችው ዶክተሯ ቀስ ብላ።

ልብስ ሰፊዋ እህቷን ሐኪም ቤት አድርሳ ስትመለስ የጓሮውን በር ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች።

«ባሌ ምንድን ነው ያደረገው?»

ዶክተሯ ወንበር ሰጠቻትና ነገረቻት። አሮጌዎቹ ጉድጓዶች ማዕድናቸው አልቆ ሲዘጉ፣ ኃላፊዎቹ ፓምፖቹ እንዲቆሙ አዘዙ። ማብሪያ ማጥፊያውን በእጁ ያጠፋው ዝምታው ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው ባዶውን ጉድጓድ እየሞላ ከሥር ወዳለው የቆየ የዓለት ስንጥቅ ገባ። የተጫነው ዓለት ለዘመናት ተጣብቆ የኖረ ነው፤ ውሃው ገብቶ ሲገፋው ይንሸራተታል፤ ያ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«በየቀኑ የሚመጣው አንድ ጥያቄ ሊጠይቀኝ ነው፤ በእኔ ነው ወይ እያለ። እርግጠኛ ሳልሆን መመለስ አልቻልኩም።»

ልብስ ሰፊዋ ልቧ ቀለል ይልላታል ብላ ጠብቃ ነበር። ይባስ ብሎ ቅናቱ አንገበገባት። ጢሙን መላጨቱስ፣ «አንቺ» ማለቱስ ይሁን፤ ይሄን የሚያህል ጭንቀት ይዞ ወደ ሌላ ሴት መሄዱን ግን እንዴት ትቻለው?

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«እርስዎን ምን ብሎ ይንገርዎት? ገና ከመጀመሪያው የተሰነጠቀው የእህትዎ ግድግዳ ነው።»

ቤት ስትገባ ዝምታው የተበተነውን ክር እየለቀመ ነበር። ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

«ንገረኝ።»

«ነግራሻለች እኮ። ሁሉንም ሰምተሻል።»

«ካንተ አልሰማሁም። ለእሷ እንደነገርካት አድርገህ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። እንዳትዘልብኝ።»

የያዘውን ክር አስቀምጦ ጀመረ። ማጥፊያውን ሲነካው እጁ ምን እንደተሰማው፣ ሞተሩ ሲቆም ጉድጓዱ እንዴት እንዳስፈራው ነገራት። መሀል ላይ «ዶክተሯ እንዳለችው» ሲል «እሷን ተዋት» አለችው፤ ተዋት። በመጨረሻ ድምፁ ሲሰበር እጁን ያዘችው።

በማግስቱ ሁለቱም ሄደው ለእህቷ ነገሯት። እህቷ ለረጅም ጊዜ አላናገረችውም፤ ግድግዳዋን ግን እንዲሠራ ፈቀደችለት። በዶክተሯ ጥናት ምክንያት ከፓምፖቹ ግማሾቹ እንደገና ሥራ ጀመሩ። መሬቱ እንደዚያ ቀን ባይሆንም አሁንም አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል።

ዶክተሯ ወደ ሌላ የማዕድን ከተማ ልትሄድ ስትል ልብስ ሰፊዋ በስጦታ ካፖርት ሰፋችላት። ጨርቁ ምርጥ፣ ስፌቱ እንከን የለሽ ነው። ዶክተሯ ለብሳው እየተሽከረከረች በደስታ አቀፈቻት።

«ካፖርቱ ወገቧ ላይ አልሰፋባትም?» አለ ዝምታው፣ ዶክተሯን የጫነው መኪና ከሄደ በኋላ።

«አልሰፋባትም» አለች ሚስቱ። «ደግሞ አንተ የሴት ወገብ ማየት የጀመርከው መቼ ነው?»